የሮክ ኦርጋን ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጆን ሎርድ በዲፕ ፐርፕል፣ ኪት ኤመርሰን መጀመሪያ በናይስ በኋላም በኤመርሰን ሌክ ኤንድ ፓልመር፣ ኬን ሄንስሊ በዩራያ ሂፕ፤ ሦስቱም ኦርጋንን ከኤሌክትሪክ ጊታር እኩል መድረክ ላይ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ያንን ድምፅ የወደደ ኪቦርዲስት ብዙውን ጊዜ «ሮክ ኦርጋን» የሚለውን አዝራር ተጭኖ ይጀምራል። ብቻውን ሲሆን ድምፁ ያምራል፤ ድራምና ጊታር ሲገቡ ግን ወይ ይሰወራል ወይ ሁሉንም ይሸፍናል። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብሎ ሌላ ኪቦርድ ለመግዛት የሚነሣ አለ። አይቸኩል። የዚህ ድምፅ ምንጭ የሆነው ሐመንድ ኦርጋን በጣት ብቻ የሚጫወቱት መሣሪያ አይደለም፤ ቀኝ እግር፣ ድሮባሮቹ (ድምፁን ለመቀመም የሚሳቡትና የሚገፉት ዘንጎች) እና የሚሽከረከረው የሌስሊ ስፒከር ከጣቶቹ እኩል ይጫወታሉ። ከስህተቶቹ አብዛኞቹ የሚመጡት ከእነዚህ አንዱን ሥራ ፈት አድርጎ ከመተው ነው።

እንደ ፒያኖ መጫወት

ፒያኖ ላይ ጣት ሲበረታ ድምፅ ይበረታል። ሐመንድ ላይ ግን ቁልፉን ቢዳብሱትም ቢደበድቡትም የድምፁ መጠን ያው ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ዘጠኝ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አሉ፤ ሲገጥሙ ድምፁ ይወጣል፣ ሲላቀቁ ይቋረጣል። ቁልፉ ሲነካ የምትሰማዋ «ጠቅ» የምትል ድምፅ የምትመጣው ከእነዚሁ መገናኛዎች ነው። ሠሪዎቹ እንደ ጉድለት ቢቆጥሯትም ለሮክና ለጃዝ ተጫዋቾች የእያንዳንዷን ኖታ አነሣስ የምታደምቅ ሆና ቀርታለች። ዲጂታል መሣሪያዎ የ«ኪ ክሊክ» ማስተካከያ ካለው ዜሮ ላይ አያድርጉት፤ ፈጣን ሶሎ ያለ እሷ ይድበሰበሳል።

ድምፅን የሚያቆይ ሰስቴይን ፔዳልም የለም። ፒያኖ የለመደ ሰው እጁን ከኮርድ ወደ ኮርድ ሲያነሣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ከሲ ሜጀር ወደ ኤፍ ሜጀር ሲሻገሩ የጋራዋን ሲ እንደያዙ ኢን ወደ ኤፍ፣ ጂን ወደ ኤ ብቻ ያንቀሳቅሱ። የጋራ ኖታ ከሌለ አንዱን ቁልፍ እንደተጫኑ ሌላ ጣት አምጥተው በላዩ ይተኩ፤ የተፈታው ጣት ወደሚቀጥለው ይሂድ። ይህን በደቂቃ 60 ምት ላይ፣ ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ምት እየሰጡ፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ቢሠሩት እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ቁልፉን የሚለቁበት ቅጽበትም አለ። የኦርጋን ድምፅ በራሱ እየደከመ አይሞትም፤ እስከያዙት ድረስ በሙሉ ኃይሉ ይቆያል። ስለዚህ የሪትሙን ግማሽ የሚሠራው መጫን ሳይሆን መልቀቅ ነው። በስኔር ድራሙ ምት ላይ በትክክል የተለቀቀ ኮርድ ባንዱን ሁሉ ያጠብቀዋል፤ ሩብ ምት የዘገየው ደግሞ ጭቃ ያደርገዋል።

88 ቁልፍ ባለው፣ እንደ ፒያኖ በሚከብድ ኪቦርድ ላይ የኦርጋን ድምፅ መጫወትም ከዚሁ ይመደባል። ፈጣን ድግግሞሽ አይቻልም፤ በመዳፍ ከላይ ወደ ታች ማንሸራተትም ቆዳ ይልጣል። የሐመንድ ቁልፍ ፊቱ ክብ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወጣ ያለ ከንፈር የለውም። መሣሪያ የሚገዙ ከሆነ ከብራንዱ በፊት ይህን ቁልፍ በእጅዎ ዳስሰው ይመልከቱ።

ድሮባሮቹን ሁሉ ስቦ ማውጣት

ዘጠኙ ድሮባሮች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 8 የሚሄዱ ናቸው። ሦስተኛው፣ ስምንት ጫማ የሚባለው፣ የተጫኑትን ኖታ ራሷን ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ አሥራ ስድስት ጫማው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል፣ ሁለተኛው አምስተኛዋን ኖታ ከላይ ይጨምራል፣ የተቀሩት ደግሞ እየቀጠኑ እስከ ሦስት ኦክታቭ ከፍታ ድረስ ይወጣሉ። ሁሉንም አውጥቶ 88 8888 888 ማድረግ ትልቅ ድምፅ ያመጣል ተብሎ ይታሰባል። በእርግጥም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የጊታሩን፣ የሲምባሉንና የዘፋኙን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይይዛል። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ሁሉን ካወጡ ዘፈኑ ጣሪያው ላይ ሲደርስ የሚጨምሩት ነገር አይኖርዎትም።

የሮክ መነሻው 88 8000 000 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብቻ ሙሉ በሙሉ ወጥተው፣ ስድስቱ ተዘግተው። ወፍራም ነው፣ ዲስቶርሽንም (ድምፅ ማሻከሪያ) በደንብ ይቀበላል። ከጊታሩ በላይ ወጥቶ መሰማት ሲፈልጉ አራተኛውን ወይም የመጨረሻውን እየተጫወቱ በግራ እጅ ቀስ አድርገው ይሳቡ። ኮርድ እንደያዙ ድሮባር ማንቀሳቀስ ራሱ ሙዚቃ ነው፤ አስቀድሞ የተቀመጠ ድምፅ በአዝራር መቀያየር ይህን ሊተካ አይችልም።

ከድሮባሮቹ ሰባተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተጫኑት ኖታ ሁለት ኦክታቭ ከሜጀር ሦስተኛ በላይ ያለውን ድምፅ ይጨምራል፤ ስለዚህ ኤ ማይነር ሲጫወቱ ከኤ ቁልፍ ውስጥ ሲ ሻርፕ ይወጣና ከኮርዱ ሲ ጋር ይጋጫል። በማይነር ዘፈን ላይ ድምፁ ለምን እንደሚጎረብጥ ካልገባዎት መጀመሪያ እሱን ወደ 0 ይመልሱ።

ፐርከሽኑ «ተበላሽቷል» ማለት

በሐመንድ ቢ-3 ሞዴል ላይ ፐርከሽን፣ ማለትም በኖታ መነሻ ላይ የሚጨመረው አጭር ምት፣ የሚሠራው በላይኛው ማኑዋል (የቁልፍ ረድፍ) ብቻ፣ ያውም የቢ ፕሪሴት (የድምፅ መምረጫ) ቁልፍ ሲመረጥ ነው። ሲበራ ዘጠነኛው ድሮባር ይዘጋል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን አሠራሩ ነው፣ ብዙ ዲጂታል ቅጂዎችም ጠብቀውታል። የምቱ ድምፅ የሚመጣው ሁሉም ጣቶች ከተነሡ በኋላ በሚነካው የመጀመሪያ ቁልፍ ላይ ነው። አንድ ጣት እንኳ ቀርቶ ከሆነ ቀጣዮቹ ኖታዎች ያለ ምት ይወጣሉ። ታዲያ በአንድ ሐረግ ውስጥ የትኛዋ ኖታ ምት እንዲኖራት እንደሚፈልጉ የሚወስኑት ከእሷ በፊት ያለችውን ቆርጠው በመልቀቅ ወይም በማያያዝ ነው።

ሌስሊውን ሁልጊዜ በፍጥነት ማሽከርከር

የሌስሊ 122 ስፒከር 40 ዋት የቲዩብ አምፕሊፋየር አለው። ድምፁን 800 ኸርዝ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደሚሽከረከረው ቀንድ፣ በታች ያለው ወደ ታችኛው ከበሮ ይሄዳል። ቀንዶቹ ሁለት ቢመስሉም ድምፅ የሚያወጣው አንዱ ነው፤ ሌላው ክብደት ለማመጣጠን የተቀመጠ ነው። በዝግታ ሲሆን ቀንዱ በደቂቃ 40 እና 50 ጊዜ መካከል፣ በፍጥነት ሲሆን ወደ 400 ጊዜ ገደማ ይዞራል።

ጀማሪ ፈጣኑን ከፍቶ ዘፈኑን ይጨርሰዋል። ጆሮ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይለምደውና ውበቱ ይጠፋል። የሌስሊ ነፍሱ ያለችው በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ባለው ሽግግር ውስጥ ነው። ቀንዱ ቀላል ስለሆነ በሰከንድ ገደማ ይፈጥናል፤ ከበሮው ከባድ ስለሆነ በርካታ ሰከንዶች ይወስድበታል። ለዚያ ጥቂት ጊዜ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ሰውን ፀጉሩን የሚያቆም ነው! ኮርዱ በመጀመሪያው ምት ላይ እንዲያብብ ከፈለጉ ማብሪያውን የሚመቱት በዚያ ምት ላይ ሳይሆን ከአንድ ወይም ሁለት ምት በፊት ነው። በዲጂታል መሣሪያ የቀንዱንና የከበሮውን የመፍጠኛ ጊዜ ለየብቻ ማስተካከል ከተቻለ እኩል አያድርጓቸው።

ማዞር የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ጆን ሎርድ ሐመንዱን ወደ ማርሻል የጊታር አምፕሊፋየር ሲያስገባ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ የመጣው ከመሽከርከር አልነበረም። ሌስሊውን አቁሞ ሪፉን (ተደጋጋሚውን የዜማ ሐረግ) ከጊታሩ ጋር አብሮ መምታት በዚያ ዓይነት ሙዚቃ ትክክለኛው ምርጫ ነው።

በማይክ ለሚቀዱ አንድ ነገር፦ ማይኩን ከቀንዱ ጋር አያጣብቁት። በጣም ሲጠጋ ንፋስና የተቆራረጠ ድምፅ ብቻ ይይዛል። 30 ሴንቲሜትር ያህል ማራቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለት ማይክ ለቀንዱ፣ አንድ ለከበሮው።

ዲስቶርሽን ላይ የግራ እጅን ማደለብ

ይህ ከሁሉ በላይ ባንድ የሚያበላሽ ስህተት ነው። ዲስቶርሽን ሁለት ኖታዎችን አንድ ላይ ሲቀበል የድግግሞሻቸውን ድምርና ልዩነት የሚሆኑ አዳዲስ ድምፆች ይፈጥራል። ሲ እና ጂ ላይ ልዩነቱ ራሱ ከታች ያለ ሲ ስለሚሆን ድምፁ ይወፍራል። ሲ እና ኢ ላይ ግን ሦስተኛዋ በቅኝቱ ከንጹሑ ልኬት ከፍ ስለምትል ልዩነቱ ከየትኛውም ኖታ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ከታች የሚንጎራጎር ነገር ይፈጠራል። አሥራ ስድስት ጫማው ድሮባር ክፍት ሆኖ በግራ እጅ ሙሉ ሦስት ኖታ ኮርድ ከመካከለኛው ሲ በታች ሲጨመርበት የቤዝ ጊታሩ ኖታ ጨርሶ አይለይም።

ዲስቶርሽን ሲከፍቱ ኮርዱን ያሳጥሩ፦ ሥሩንና አምስተኛዋን፣ ወይም አራተኛ ርቀት ያላቸውን ሁለት ኖታዎች። ሦስተኛዋ የግድ ካስፈለገች በቀኝ እጅ፣ ከመካከለኛው ሲ በላይ ትጫወት። ቤዝ ተጫዋች ካለ የታችኛውን ማኑዋል 00 8400 000 ያድርጉት፤ ከባዱ ሥር ለእሱ ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ግራ እጅን ጭራሽ ማንሣት ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ኦርጋኑን በዘፋኝ ቦታ አቁሞ ዜማ ሲያስኬድ ያደመጠ ጆሮ፣ አንድ መስመር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸከም ያውቃል።

የቀኝ እግሩም ጉዳይ እዚህ ይገባል። በሐመንድና በሌስሊ የድምፁን መጠን የሚቆጣጠረው የኤክስፕሬሽን ፔዳል ያለው ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው፤ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ብቻ ሳይል እየሻከረም ይሄዳል። በዲጂታል መሣሪያ ፔዳሉን በሚዲ (መሣሪያዎቹ በሚግባቡበት ሥርዓት) ቁጥር 7 ከሆነው የቮልዩም መቆጣጠሪያ ጋር ያገናኘ ሰው ይህን ያጣዋል፤ ቁጥር 11 ከሆነው ኤክስፕሬሽን ጋር ያገናኙት። ለአጃቢነት ፔዳሉን እስከ ግማሽ ብቻ ይጫኑ፣ የቀረው ለሶሎ ይቆይ። መድረሻ ላይ የተቸነከረ እግር ያለው ተጫዋች ሹክሹክታ የለውም።

ሁሉንም ሐመንድ ብሎ መጥራት

የአኒማልስና የዶርስ ባንዶች የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ኦርጋን ቮክስ ኮንቲኔንታል ነው፤ ቀጭን፣ ሹል፣ ትራንዚስተር። ሪቻርድ ራይት በፒንክ ፍሎይድ መጀመሪያ ዓመታት ፋርፊሳ ኦርጋንን በቢንሰን ኤኮሬክ ኤኮ ውስጥ አሳልፎ ተጫውቷል። የሶፍት ማሺኑ ማይክ ራትሌጅ ደግሞ ላውሪ ኦርጋንን በፈዝ (ድምፅ በሚያሻክር) ፔዳል ነው የነዳው። በሐመንድ ድሮባሮች እነዚህን ለማስመሰል መድከም ጊዜ ማባከን ነው፤ ኪቦርድዎ ላይ የየራሳቸው ሞዴል ካለ እሱን ይክፈቱና ሌስሊውን ያጥፉ።

አሮጌ ሐመንድ በትራንስፎርመር ብቻ መሰካት

አሜሪካ ያለ ወገን ርካሽ ሐመንድ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ቢያስብ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። የአሜሪካው ቢ-3 ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። በውስጡ ያሉትን 91 ቶንዊሎች (ድምፅ አመንጪ ጎማዎች) የሚያዞረው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ድግግሞሽ ነው፤ በ60 ኸርዝ በደቂቃ 1200 ጊዜ፣ በ50 ኸርዝ 1000 ጊዜ። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርዳል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም። ኢትዮጵያም፣ አውሮፓም፣ እስራኤልም 50 ኸርዝ ስለሆኑ መሣሪያው በሙሉ ከሦስት ሰሚቶን በላይ ይወርዳል፤ ሲን ሲጫኑ ከኤ ጥቂት ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማሉ። ቪብራቶውም በዚያው ልክ ይዘገያል። ድግግሞሽ የሚቀይር መሣሪያ ወይም ለ50 ኸርዝ የተሠራ ኦርጋን ያስፈልጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ ስለሆነች እዚያ ትራንስፎርመሩ ይበቃል።

አነሣሡም የራሱ ሥርዓት አለው። «ስታርት»ን ለ8 ሰከንድ ያህል ይያዙ፤ ሳይለቁ «ረን»ን ያብሩ፤ ሁለቱንም 4 ሰከንድ ያህል ቆይተው ስታርትን ይልቀቁ። ዋናው ሞተር በራሱ መነሣት አይችልም፤ ስለዚህ መብራት ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ ኦርጋኑ ዝም ካለ ሁለቱንም አጥፍቶ ከመጀመሪያው መድገም ነው።

የሌስሊ ኬብልንም በስድስት ፒኑ ብቻ አይመኑት። 122 እና 147 መሰኪያቸው አንድ ይመስላል፣ ሽቦ አመዳደባቸው ግን የተለያየ ነው፤ በኬብሉ ውስጥ የመብራት ኃይል ስለሚያልፍም የተሳሳተ ግንኙነት አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል። ከጀርባው ያለውን ሞዴል ያንብቡ፣ ኦርጋኑ ሳይጠፋ ደግሞ ኬብሉን አይንቀሉ።

ዘይቱ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ለሐመንድ የተዘጋጀው ብቻ። ደብሊው ዲ-40 ወይም የሞተር ዘይት የገባበት ቶንዊሎቹን የያዘ ጄኔሬተር ውሎ አድሮ ይጣበቃል። ዘይቱ ወደ ማዞሪያዎቹ የሚደርሰው በቀጫጭን ክሮች አማካኝነት ቀስ እያለ ነው፤ ዛሬ ጨምረው ጩኸቱ ዛሬውኑ ካልቆመ ደጋግመው አይሙሉበት፣ ጥቂት ቀናት ይጠብቁ።