ወባውን ይዘን ደሙን የምንረሳባቸው ስህተቶች

ጥቅምትና ኅዳር ኮምቦልቻ ላይ የልጆች ክፍል ወረፋ ግቢውን አልፎ ይሄዳል። ክረምቱ ወጥቶ ቦርከና ሲጎድል በየዳርቻው ኩሬ ይቀራል፣ ወባም ይነሳል። ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከጨፋ ሜዳ ልጅ አዝሎ የሚመጣው ብዙ ነው። እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ታካሚው ሁሉ ግን «ዶክተር» ይለኛል፣ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ።

በእኔም በባልደረቦቼም ሲደጋገም ያየሁት ጥፋት አንድ ነው። ወባውን እናገኝና እፎይ እንላለን። ደሙ ስንት እንደደረሰ ሳንለካ መድኃኒት ጽፈን እንሸኛለን። ይህ ጥፋት የሚመጣባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ፖዘቲቭ ነው» ብሎ መዝጋት

ፈጣኑ የወባ ምርመራ የሚነግረን አለ ወይም የለም ብቻ ነው። ስንት ፓራሳይት (የወባ ተውሳክ) እንዳለ አይናገርም፣ ስለ ደም ማነስማ ጭራሽ። ኔጌቲቭ ማለቱም ሙሉ ዋስትና አይደለም። ምርመራው ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት የሚለየው በአንድ ፕሮቲን ነው። በአገራችን ደግሞ ያንን ፕሮቲን የማያወጡ ፋልሲፓረሞች ተገኝተዋል። በተቃራኒው ይኸው ፕሮቲን ፓራሳይቱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የገረጣ ልጅ ሲመጣ ፈጣኑ ምርመራ ምንም ይበል ምን፣ ደም ፊልም (ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት) እና ሄሞግሎቢን (ደሙ ስንት እንደደረሰ የሚነግረው ልኬት፣ በግራም በዴሲሊትር) አብራችሁ እዘዙ።

ስለ ሌላው የወባ ዓይነት፣ ስለ ቫይቫክስ፣ አንድ የቆየ አባባል አለ፤ «ቫይቫክስ ነው፣ ቀላል ነው» የሚል። ቀላል አይደለም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ተመልሶ ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ከልጁ ደም ይቀንሳል። በዓመት ሦስቴ የታመመ ልጅ ሁልጊዜ በትንሽ ፓራሳይት ይመጣል፣ ደሙ ግን ከመጣበት እስከ መጣበት እየወረደ ነው።

መዳፍ አይቶ መፍረድ

ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከአያቷ ጋር መጣች። በእግሯ ነው የመጣችው። መዳፏን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ደማቅ ቀይ ነው። ካርዱ ላይ «የመዳፍ መገርጣት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ትኩሳት ስላላት ብቻ ወደ ላቦራቶሪ ላክኋት።

ጥቂት ቆይቶ የላቦራቶሪው ልጅ ራሱ መጣ። «ይህቺ ልጅ በእግሯ ነው የገባችው?» አለኝ። ሄሞግሎቢኗ 3.8 ነበር።

የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን ገልብጬ ሳየው አይብ መስሏል። አያቷን «እማማ፣ እጇ እንዴት እንዲህ ቀላ?» አልኳቸው። «የአክስቷ ሰርግ ነበር ልጄ፤ እንሶስላ ሙቃ ነው» አሉኝ። በእኛ አገር እንሶስላና ሂና መዳፍንም ጥፍርንም ይሸፍናሉ። የሰርግና የበዓል ሰሞን መዳፍና ጥፍር ምስክር አይሆኑም። ዓይንን፣ ምላስንና ከንፈርን ከውስጥ እዩ።

በዚያ ላይ ብርሃኑ አለ። መብራት ሲጠፋ በሞባይል መብራት ያየነው ጤነኛውን የገረጣ ያስመስለዋል፤ ቢጫው አምፖል ደግሞ የገረጣውን ጤነኛ። መስኮት አጠገብ ውሰዱት። መዳፉን ከእናቱ መዳፍ ጋር ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል፤ እናትየውም ደም ያነሳት ልትሆን ትችላለች። ከራሳችሁ እጅ ጋር አስተያዩት።

እሷ በእግሯ መምጣቷም አይግረማችሁ። ደም ቀስ እያለ ሲያንስ የልጅ ገላ ይለምደዋል። እየተጫወተ ነው ማለት ደም አለው ማለት አይደለም።

ናሙናውን ማበላሸት

ቁጥር ከተገኘ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ ግን ከጣት ይጀምራል። ጠዋት የቀዘቀዘ እጅ ደም አይሰጥም፣ ስለዚህ ባለሙያው ጣቱን ይጨምቃል። ሲጨመቅ ከደሙ ጋር የሥጋው ፈሳሽ ይወጣና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። መጀመሪያ እጁን አሹለት፣ አሙቁለት። አልኮሉ ይድረቅ። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጉ። የደም መያዣዋ ፕላስቲክ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ጣሏት፣ በሌላ ድገሙ። የምትቀመጥበትንም ዕቃ ክዳኑን ከፍታችሁ አታሳድሩ፤ እርጥበት ያበላሻታል።

ከደም ሥር ሲቀዳ ደግሞ ግሉኮስ ከሚወርድበት ክንድ አትቅዱ። ውኃ የቀላቀለ ደም 7 የነበረውን 5 ሊያስመስል ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ያስቀመጠውና ያስመለሰው ልጅ ፈሳሹ ስላለቀ ደሙ ወፍሮ ከእውነቱ በላይ ያነብባል። ፈሳሽ ሲያገኝ ይወርዳል። መልሳችሁ ለኩ።

5 እና 7ን ማምታታት

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ በተራው የደም ማነስ ሰንጠረዥ ሄሞግሎቢን ከ7 በታች ሲሆን «ከባድ» ይባላል። ለከባድ ወባ የዓለም ጤና ድርጅት መስመር ሌላ ነው። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሄሞግሎቢን 5 ወይም ከዚያ በታች፣ ወይም ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎቹ ድርሻ) 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ፋልሲፓረም ከሆነ ፓራሳይቱ በማይክሮ ሊትር ከ10,000 በላይ መሆን አለበት ይላል።

ደም ለመስጠት ደግሞ ሦስተኛ መስመር አለ። 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይሰጠዋል። በ4 እና በ6 መካከል ከሆነ ልጁ ይታያል። በጥልቀት ይተነፍሳል? ራሱን ስቷል ወይ ይደበታል? ሾክ (የደም ዝውውር መውደቅ)፣ የልብ ድካም፣ የፈሳሽ እጥረት አለበት? ወይስ ፓራሳይቱ በጣም በዝቷል? አንዱ ካለ ይሰጠዋል። «5.4 ነው፣ መስመሩን አላለፈም» ብሎ የሚያቃስት ልጅ በኮአርተም የወባ ክኒን የሚሸኝ ሰው አይቻለሁ። ያ ቁጥር ማንበብ እንጂ ልጅ ማየት አይደለም።

ሄማቶክሪትን ለ3 አካፍሎ ሄሞግሎቢን ማውጣትም አለ። ለጤነኛ ሰው ግምት ይሆናል። ወባ ያለበት ልጅ ላይ ግን ይስታል። የተለካውን ጻፉ፣ ያሰላችሁት ከሆነም «በስሌት» በሉ።

ትንፋሹን «ሳንባ ምች» ማለት

ደም ያነሰው ልጅ ለአካሉ በቂ ኦክስጅን አያደርስም። ደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፣ ገላው ያንን ለማውጣት በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል። ከሩቅ ሲታይ ሳንባ ምች ይመስላል። አሞክሲሲሊን ተጽፎለት የሄደ ስንቱ ነው። ደረቱን ስታዳምጡት ንጹህ ሆኖ ትንፋሹ ግን ከታች ከሆድ የሚሳብ ከሆነ ቶሎ ሄሞግሎቢን ለኩ።

ሌላው ጥድፊያ «የልብ ድካም ነው» ብሎ ላሲክስ (ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) መውጋት ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የጎደላቸው ደምና ፈሳሽ ነው። ጉበቱ ካላበጠ፣ ሳንባው ላይ ውኃ ካልተሰማ ላሲክሱን አቆዩት።

«ደሴ ወባ የለም»

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዷም ይመሰክራል። ልጁ ግን ሁልጊዜ ደሴ አይቀመጥም። የመስከረምን ዕረፍት አያቱ ጋ ሐርቡ አሳልፎ ይመጣል። እናት ደግሞ «ምች መትቶት ነው» ብላ ሦስት ቀን ዳማከሴ ስታሸው ቆይታለች። «የት ነበር የከረመው?» የምትል ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም።

ወባ ተገኘ ብሎ ሌላውን መተው

ባጭሩ። ከባድ ደም ማነስ ያለበት ልጅ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያም ሊኖር ይችላል። የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማወቅ ክንዱን በሜትር ለኩ፣ ጣፊያውን ዳስሱ። ሰገራውን ለመንጠቆ ትል አስመርምሩ። «አፈር ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እናቶች ካልተጠየቁ አይናገሩም፣ ያፍራሉ። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረም ቀይ የደም ሴሎቹ ደም ሥር ውስጥ እየፈረሱ ነውና ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

አንዴ ለክቶ ማብቃት

መድኃኒት ሲጀመር ሄሞግሎቢን ወዲያው አይወጣም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስ ይወርዳል። የተኛ ልጅ ትናንት 6 ነበር ማለት ዛሬም 6 ነው ማለት አይደለም። የከባድ ወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሱኔት የተወጋ ልጅ ደግሞ ድኖ ቤቱ ከገባ ከሳምንት በኋላ ቀይ የደም ሴሎቹ እንደገና ሊፈርሱ ይችላሉ። ይህ እስከ ወር ድረስ ሊታይ ስለሚችል በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ማየት ያስፈልጋል።

ያቺ እንሶስላ የሞቀች ልጅ የዚያኑ ዕለት በአምቡላንስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ደርሳ ደም ተሰጣት። ስትመለስ ለአያቷ ሰኞ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። አልመጡም። በሚቀጥለው ሰኞም አልመጡም። በኋላ ስልክ ሲደወልላቸው «ልጄ፣ ሰኞማ የባቲ ገበያ ነው፤ ማን ይመጣል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለባቲ ሰው ቀጠሮ የምጽፈው ማክሰኞ ነው።