ድንቹን ቀቅላችሁ አሳድሩት

ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይቺን ሞክሯት። የነገውን ድንች ዛሬ ማታ ቀቅሉና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ስትቆርጡት ልዩነቱ ይታያችኋል። ትኩሱ ቢላዋ ሲነካው ይፈርሳል፤ ያደረው ግን ጠንከር ብሎ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሲቀዘቅዝ በድንቹ ውስጥ ያለው ስታርች (ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚቀየረው ክፍል) ከፊሉ በቀላሉ የማይፈጭ ይሆናል። ትንሹ አንጀት ወደ ስኳር ሳይቀይረው ያልፍና ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች፣ ልክ እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካው፣ ያብላሉታል። ከዚህ የሚገኘው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል።

ሩዝና ፓስታም እንዲሁ ናቸው። መልሳችሁ ብታሞቁትም አብዛኛው ጥቅም አይጠፋም። ሩዝን ግን አደራ፣ ውጭ አታሳድሩት! ከተቀቀለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ውጭ ሲያድር ባክቴሪያ የሚፈጥርበትን መርዝ ማሞቅ አያጠፋውም።

ምስርና ሽምብራ ይህ በቀላሉ የማይፈጭ ስታርች በተፈጥሯቸው አላቸው። ያልለመደ ሰው በትንሹ ይጀምር፣ ሆድ ይነፋል።

ያደረ ነው ብላችሁ ሳህኑን እንዳትሞሉት። የደም ስኳር መጨመሩ አይቀርም፣ የሚቀንሰውም በመጠኑ ነው። የስኳር መለኪያ ካላችሁ አንድ ቀን ትኩሱን፣ ሌላ ቀን ያደረውን በእኩል መጠን ብሉና ከበላችሁ 2 ሰዓት ሲሞላ ለኩ። ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። መድኃኒትም ሆነ ኢንሱሊን ግን በራሳችሁ እንዳትቀንሱ።