ኤንኤፍኤስና ኤስኤምቢ አልነሳ ሲሉ፦ የስቶሬጅ ስኬል ክላስተርን ቀድሞ ማዘጋጀት

የአይቢኤም ስቶሬጅ ስኬል ክላስተር (ብዙ ማሽኖች አንድ ፋይል ሲስተም የሚጋሩበት) አላችሁ እንበል። ዲስኩ ደህና ነው፣ ኖዶቹ (የክላስተሩ ማሽኖች) ይነጋገራሉ፣ ፋይል ሲስተሙም ማውንት ሆኗል፣ ማለትም ለሥራ ተያይዟል። አሁን የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች በኤስኤምቢ፣ የሊኑክሶቹ በኤንኤፍኤስ ይግቡ ተብሏል፤ ሁለቱም ፋይልን በኔትወርክ የመጋሪያ ፕሮቶኮሎች ናቸው። ይህን የሚሠራው ሲኢኤስ የሚባለው ክፍል ነው። ከ2015 ጀምሮ፣ ምርቱ ስፔክትረም ስኬል ይባል ከነበረበት ጊዜ አንስቶ አለ። ሰርቪሱ ከተነሳ በኋላ የሚያስጨንቀን ችግር አብዛኛው ከመነሳቱ በፊት የተዘራ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ገና ምንም ሳትጨምሩ ፈትሹ።

ኢንስቶለሩ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል

ኢንስቶለሩ ወደ እያንዳንዱ ኖድ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ አካውንት)፣ ያለ ፓስወርድ፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) መግባት አለበት። ብዙ ሰው በአጭሩ ስም ብቻ ይሞክርና "ይሠራል" ብሎ ያልፋል። በሙሉ ስሙ ወይም በአይፒው ሲገባ ግን ኤስኤስኤች "ይህን ማሽን አላውቀውም፣ ልቀጥል?" ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው የለም። ኢንስቶለሩ ካለበት ኖድ ሆናችሁ ወደ ሁሉም ኖዶች በአጭር ስም፣ በሙሉ ስምና በአይፒ ግቡ። ወደ ራሱም ጭምር።

የሲኢኤስ አይፒ አልጨመር ይላል

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። እያንዳንዱ የፕሮቶኮል ኖድ (ሲኢኤስ የሚሠራበት ማሽን) የራሱ ቋሚ አይፒ አለው፤ 10.10.5.21 ይሁን። ተጠቃሚዎች የሚገናኙት ግን በሌላ አይፒ ነው፤ 10.10.5.101 እንበለው። ይህ ሁለተኛው ኖዱ ሲወድቅ ወደ ሌላ ኖድ ይዛወራል። የሚያዛውረው ሲኢኤስ ራሱ ስለሆነ በኖዱ የኔትወርክ ኮንፊገሬሽን ውስጥ በእጅ መጻፍ የለበትም።

ከመጨመራችሁ በፊት ፒንግ አድርጉት። መልስ ከመጣ አንድ ማሽን ይዞታል ማለት ነውና ፈልጋችሁ አስለቅቁ። ቀጥሎ ሰብኔቱን (አድራሻው ያለበትን የኔትወርክ ክፍል) እዩ፤ በእዚያው ሰብኔት ላይ ቋሚ አይፒ ያለው ኢንተርፌስ በኖዱ ላይ ከሌለ አድራሻው የሚያርፍበት የለውም።

"ስሙ አልተገኘም" የሚል ስህተት ከመጣ ዲኤንኤሱን ጠርጥሩ። ከስም ወደ አይፒ ብቻ ሳይሆን ከአይፒ ወደ ስምም መመለስ አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው፤ ዲኤንኤስ የሚያስተዳድረው ሰው ፒቲአር መዝገብ ይጨምርላችሁ። በሆስትስ ፋይልም ይሆናል፣ ግን በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኔ ዲኤንኤሱን እመርጣለሁ፤ ተጠቃሚዎቹም፣ ማንነትን የሚያረጋግጠው ከርቤሮስም ያንኑ ስም ይፈልጋሉና።

ኤንኤፍኤስ ይነሳና ወዲያው ይወድቃል

ሲኢኤስ የሚጠቀመው ጋኔሻ የሚባለውን የኤንኤፍኤስ ሰርቨር ነው። የሊኑክሱ የራሱ ኤንኤፍኤስ ቀድሞ ከተነሳ ፖርት 2049ን ይይዝበታል። ኤስኤምቢም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከሊኑክሱ ጋር የመጣው ሳምባ (የኤስኤምቢ ሰርቨር) ፖርት 445ን ይዞ ይጠብቃል። ሁለቱንም አቁሙ፣ ማሽኑ ሲነሳም እንዳይነሱ አድርጉ። ከዚያ በፊት ግን በአሮጌው ሸር (የተጋራ ዳይሬክተሪ) የሚሠራ ሰው መኖሩን ጠይቁ። በሥራ ሰዓት ፋይሉ የሚጠፋበትን ሰው አስቡት።

የፕሮቶኮል ኖዱ "ወድቋል" ይባላል፣ ማሽኑ ግን ደህና ነው

ሲኢኤስ የጋራ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ዳይሬክተሪ ይፈልጋል፤ ሼርድ ሩት ይሉታል። ያለበት ፋይል ሲስተም ማውንት ካልሆነ ሰርቪሶቹ አይሠሩም። ራሱን የቻለ ትንሽ ፋይል ሲስተም ስጡት፣ 4 ጊጋባይት ይበቃዋል። በራሱ ማውንት እንዲሆንም አድርጉ። በኋላ ቦታውን መቀየር የሲኢኤስ ኖዶችን ማስቆም ስለሚጠይቅ አሁኑኑ ወስኑ።

ኤክስፖርት (ለተጠቃሚዎች የሚጋራ ዳይሬክተሪ) መፍጠር ብቻ እምቢ ካለ የፋይል ሲስተሙን የኤሲኤል (የፈቃድ ዝርዝር) ዓይነት ተመልከቱ፤ ኤንኤፍኤስ4 መሆን አለበት።

ፋይሉ ይታያል፣ ባለቤቱ ግን ቁጥር ሆኗል

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ሌላው ስህተት ተስተካክሎ ይረሳል፣ ይሄኛው ግን ዳታው ላይ ታትሞ ይቀራል። ፋይል ሲስተሙ የሚያስቀምጠው የተጠቃሚውን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው የመረጣችሁት ኦተንቲኬሽን (የተጠቃሚ ማረጋገጫ) ነው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍቱ የተጠቃሚዎች መዝገብ) ሆኖ ቁጥሩን ሲስተሙ ራሱ ሊሰጥ ይችላል፣ ወይም ዳይሬክተሪው ውስጥ ከተጻፈው ሊወሰድ ይችላል። ኤልዳፕ የሚባል ሌላ ዓይነት ዳይሬክተሪም አለ። አንድ ሰው በዊንዶውስ ሲገባ አንድ ቁጥር፣ በሊኑክስ ሲገባ ሌላ ቁጥር ካገኘ የራሱን ፋይል መክፈት ያቅተዋል።

ስለዚህ አንድም ኤክስፖርት ሳይፈጠር፣ አንድም ፋይል ሳይገባ ኦተንቲኬሽኑን ጨርሱ። ሁለቱም ዓይነት ተጠቃሚዎች ካሉ ቁጥሩ ከዳይሬክተሪው ይምጣ ባይ ነኝ፤ ያኔ የሊኑክስ ማሽኖቹም ያንኑ ቁጥር ማንበብ ይችላሉ። ከዚያ አንድ ተጠቃሚ ወስዳችሁ በሁሉም የፕሮቶኮል ኖዶችና በአንድ የሊኑክስ ደንበኛ ማሽን ላይ ቁጥሩን ጠይቁ። አንድ ካልሆነ አትቀጥሉ። ዳታ ከገባ በኋላ ደግሞ የአይዲ ማፒንጉን (የስምና የቁጥር ማዛመጃውን) መደምሰስ ማለት ሰዎቹን ከገዛ ፋይላቸው ማስወጣት ነው።

ዶሜይን መቀላቀሉ ወይም መግባቱ እምቢ ካለ ሰዓቱን እዩ። ከርቤሮስ እንደተለመደው ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ኖዶቹና የዶሜይን ሰርቨሩ ሰዓታቸውን ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ።

ኤስኤምቢ ተነስቷል፣ ጤናው ግን አልተስተካከለም

ፋየርዎል ነው ብላችሁ ጀምሩ። ለተጠቃሚው 445 ተከፍቶ በኖዶቹ መካከል 4379 ተዘግቶ ይገኛል። ይህ ሲቲዲቢ (የሳምባ ኖዶችን የሚያስተባብረው ፕሮግራም) የሚነጋገርበት ፖርት ነው፤ ያለ እሱ የሳምባ ኖዶች አንድ ሆነው አይሠሩም። በፕሮቶኮል ኖዶቹ መካከል ብቻ ክፈቱት፣ ለውጭ አያስፈልግም።