«አሪፍ ነው» ካልን በኋላ፦ ስለ መጽሐፍ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

በወር አንዴ የምንገናኝ ስምንት ሰዎች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ። ሁላችንም አንድ መጽሐፍ አንብበን እንመጣለን፣ ማኪያቶ ይታዘዛል፣ ከዚያ ክርክር ነው። ልብ ወለድ አንብበናል፣ ግጥም አንብበናል፣ የጡረተኛ መኮንኖችን ማስታወሻ አንብበናል፣ ትርጉም አንብበናል። ሕይወታችንን በ30 ቀን እንቀይራለን የሚል መጽሐፍም ገብቶብን ያውቃል። አልተቀየርንም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» ብለው ጫኑብኝ።

ሰሞኑን ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳገላብጠው አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ መጽሐፍ ተናገርን ካልነው ውስጥ ግማሹ ስለ መጽሐፉ አይደለም። ስለ ደራሲው ነው፣ ስለ ዋጋው ነው፣ ስለ ሽፋኑ ነው፣ ስለ መንግሥት ነው። እኔ የተናገርኩትም ከዚያው ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ስህተቶች ከላይ ሆኜ የምዘረዝራቸው እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

«አሪፍ ነው» ብሎ ማቆም

ደብተሩ ውስጥ በብዛት ያለው ቃል «አሪፍ» ነው። ቀጥሎ «ደበረኝ»። ሦስተኛው «ባንድ ቁጭታ ጨረስኩት» ነው። ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ምስጋና ይመስለናል። ቆሎም ባንድ ቁጭታ ያልቃል።

ችግሩ ቃሉ ላይ አይደለም፤ ከቃሉ በኋላ ዝም ማለታችን ነው። አንዷ አባላችን ነርስ ናት፤ ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ተራዋ ሲደርስ «ልጅቷ እናቷ በሞተች በማግስቱ ለለቀስተኛ ቡና የምታፈላበት ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሦስት ቀን አልከፈትኩትም» አለች። አለቀ። አሪፍ ነው አላለችም፣ ደባሪ ነው አላለችም። ግን ያንን መጽሐፍ ያላነበቡት ሁለት ሰዎች ከዚያው ወርደው ገዙት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አውጥተናል። «አሪፍ» ያለ ሰው ገጹን ገልጦ ያሳያል። ገጽ ማሳየት ያልቻለ የሁላችንንም ማኪያቶ ይከፍላል። እኔ ሁለቴ ከፍያለሁ።

የሰሙትን «አነበብኩት» ማለት

ይሄ የኛ አገር ልዩ በሽታ ነው፤ ደግሞ ደስ የሚል በሽታ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው መጽሐፉን በጆሮው እንደሚያውቀው አስቡት። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ካሴቱ ነበር፤ እናቴ ሽሮ እያማሰለች ትሰማዋለች። ለዓመታት «አንብቤዋለሁ» ስል የኖርኩት በዚያ ሽሮ ነው።

ወረቀቱን የያዝኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ደነገጥኩ። ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እየጠበቅኩ ገለጥኩት፤ መጽሐፉ ግን ማንኩሳ ላይ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት ዘንድ ይዞኝ ሄደና እዚያ አስቀመጠኝ። የበዛብህ ወላጆች ናቸው። ልጁ የስለት ልጅ መሆኑን፣ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን መሰጠቱን እዚያ ታውቃላችሁ። ያንን ካላነበባችሁ በዛብህ ሲወድ ለምን እንደዚያ እንደሚጨነቅ አይገባችሁም፤ ፈሪ ብቻ ይመስላችኋል። እኔ ለስንት ዘመን ፈሪ ነው ስል ኖሬያለሁ።

የዘመኑን ወግ የሚቃወመው ጉዱ ካሣም እንደዚሁ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ የወጋየሁ ድምፅ አለው፤ ሲናገር አገር ይሰማል። ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ሰውዬ ግን ብቸኛ ነው። የሚናገረውን የሚሰማው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ትረካው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግን «ሰማሁት» እና «አነበብኩት» ሁለት ናቸው። የሰማ ሰው «ሰማሁት» ብሎ አስተያየት ቢሰጥ ምን ያሳፍራል? ስለ ድምፁ፣ ስለ አነባበቡ ሊነግረን ይችላል። ያነበበው ሰው ደግሞ ያንን አያውቀውም።

መጽሐፉን ትቶ ደራሲውን መዳኘት

«ማነው የጻፈው?» ይባላል መጀመሪያ። ስሙ ሲነገር ፊት ይለዋወጣል። የአባት ስም ከተሰማ በኋላማ አንዳንዱ ሰው መጽሐፉን ሳይገልጥ ፍርዱን ጨርሷል። ከየት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ በየትኛው ዘመን ምን እንደተናገረ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሁላችሁም አይታችሁታል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ዓይነቱ ነው። በክፋት አይደለም የሚመጣው፣ በሐዘን ነው። በዓሉ ግርማ ስለ ደርግ የኤርትራ ዘመቻ የሚተርከውን «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን እንዴት አድርጎ እንደ ማንኛውም ልብ ወለድ ያንብበው? አይችልም። እኛ ቡድን ውስጥ «ኦሮማይ» በቀረበበት ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አወራን። ደብተሬን ሳየው ሁለቱም ሰዓት ደርግ ነው። ማን ማንን ይወክላል፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው። ቡድናችን ውስጥ ያሉት ትልቅ ሰው፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ያን ዘመን ወጣት ሆነው አይተውታል፤ ስም በስም ይነግሩን ነበር።

በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ትንሿ አባላችን እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ እነዚህን ሰዎች አንዳቸውንም አላውቃቸውም። እኔን የያዘችኝ ጋዜጠኛው አስመራ ላይ የሚወዳት ፊያሜታ ናት» አለች።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ «እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ። «እኔ ፊያሜታን ዘልያት ነው የኖርኩት።»

የደራሲውን ዕጣ አትርሱ ማለት አይደለም። አይረሳም፣ መረሳትም የለበትም። ግን ሰውዬው ያንን ሁሉ የከፈለበት ነገር መጽሐፉ ነው። ስለ አስመራው፣ ስለ ጋዜጠኛው ፀጋዬ፣ ስለ ፍቅሩ ምንም ሳንል ስለ መጥፋቱ ብቻ ካወራን፣ ሥራውን ራሳችንም ከገበያ እንደመሰብሰብ ነው።

ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን

በርበሬና ወርቅ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። መጽሐፍ ላይ ግን ይሄን እናደርጋለን። ግጥም አንብቦ «ታሪኩ አይገፋም» ያለ ሰው አለን። የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ «ልብ አይሰቅልም» ያለም አለ፤ በማስረጃ የቆመ መጽሐፍ ነው፣ የግብር ደረሰኝ እንዴት ልብ ይስቀል?

ብዙ የተበደለው መጽሐፍ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ይመስለኛል። ስሙ ሲነሳ «ከባድ ነው» ይባላል፤ የሚቀጥል የለም። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ ተውኩት። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ እንደገና ያወራሉ፤ ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው እያልኩ ጠበቅኩ። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «ጮክ ብለህ አንብበው» አለኝ። ጮክ ብዬ ሳነበው ሌላ ነገር ሆነ። ንግግሩ ራሱ ነው ለካ ታሪኩ። አንዱ የተማረ ወጣት ነው፣ አንዷ ባላባት ናት፣ ሁሉም የየራሱ አማርኛ አለው። ዳኛቸው ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስቦ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። የሰው አነጋገር የሚለቅም ጆሮ እንዳለው ባውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ ሌላ ነገር አልጠብቅበትም ነበር።

አሁንም «ከባድ ነው» ማለት ትችላላችሁ። ከባድ ነው። ምኑ እንደከበዳችሁ ግን ንገሩን፤ ቃሉ ነው፣ ዝርዝሩ ነው፣ ወይስ የጠበቃችሁት ሌላ ነበር?

ተርጓሚውን መርሳት

«ማርጋሬት ሚቼል አማርኛዋ ማማሩ!» ያለ ሰው አለ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። አልቀለደም።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» የአሜሪካዊቷ ሚቼል ልብ ወለድ ነው፤ ወደ አማርኛ የተረጎመው ግን ነቢይ መኮንን ነው። በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ። አማርኛው ካማረ ያማረው እዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው። ስሙን ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው።

በተቃራኒውም እንበድላለን። አንዳንድ ትርጉም ከመሃሉ ተቆርጦ፣ ተቻኩሎ ይወጣል። ዓረፍተ ነገሩ ሲንገዳገድ «ይሄ ታላቅ የሚባለው ደራሲ ይሄው ነው?» እንላለን። ሰውዬው ምን በወጣው! በትርጉም ያነበባችሁትን ስታሙ ማንን እያማችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ።

መጨረሻውን መዘርገፍ

ወንጀል ፍለጋ ላይ ያለ መጽሐፍ ከሆነ ገዳዩን መናገር ስርቆት ነው። ሌላ ነገር አልጨምርበትም። ደግሞ የተገላቢጦሹ ጭንቀትም ይበዛል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙ ላይ መቃብር ጽፎ «መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ» ያለችን ልጅ ነበረች።

በይሉኝታ ማመስገን

ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። ጓደኛህ መጽሐፍ ያሳትማል። ተበድሮ፣ ዕቁቡን ወስዶ፣ በራሱ ወጪ። የምረቃ ጥሪ ይመጣል። አዳራሽ አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ኬክ አለ፣ እናቱ ፊት ለፊት በነጠላ ተቀምጠዋል። ማይኩ ይሰጥሃል። ምን ትላለህ?

እኔ «የዘመኑ ድንቅ ሥራ» አልኩ። 20 ገጽ ነበር ያነበብኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ መጽሐፉን አወጣ፤ የመጀመሪያው ስህተት አንድም ሳይቀር እዚያ አለ። የጀርባው ሽፋን ላይ ደግሞ የኔ ቃል፣ ከነስሜ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ የጠየቀኝ ሽያጩ ከቆመ በኋላ ነው። መልስ አልነበረኝም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ማይክ ላይ እውነት የሆነውን ብቻ እናገራለሁ፤ የወደድኩትን አንዷን ምዕራፍ አነሳለሁ፣ እሷን በደንብ አብራራለሁ። የቀረውን ቡና ጋብዤ፣ ለብቻው፣ እርሳስ ይዤ። ይሄ ወዳጅነት አያፈርስም። ቢበዛ አንድ ሳምንት ስልክ አያነሳም።

የይሉኝታ ተቃራኒ የሆነ ሌላም አለ፤ «እኔ ብጽፈው» የሚል አስተያየት። ጻፈው ብላችሁ እለፉት።

ፊደል ለቀማ

አንድ አባላችን ሁልጊዜ ቀይ እስክርቢቶ ይዞ ይመጣል። በየትኛው ገጽ «ሠ» መሆን ሲገባው «ሰ» እንደሆነ፣ «ዓ» በ«አ» እንደተተካ ይነግረናል። ትክክል ነው። የኅትመት ግድፈት የበዛበት መጽሐፍ አንባቢን መናቅ ነው፤ መነገርም አለበት። ግን አንዴ 400 ገጽ ልብ ወለድ ላይ 37 ግድፈት ቆጥሮ ሲጨርስ «ታሪኩስ?» ብንለው «እሱን ገና አላየሁትም» አለ።

ለነገሩ የተናቀ ሥራም አይደለም። ደራሲዎች በድብቅ ስልኩን ይጠይቁኛል።

በጎደለ ፒዲኤፍ ሙሉ ፍርድ መስጠት

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ በስልክ ካሜራ የተነሳ ነው። ገጽ ይዘላል፣ የጥግ ፊደል ይቆረጣል፣ አውራ ጣት ይታያል። አንድ ወር ሙሉ «ደራሲው ልጁን የት አደረሰው?» ስንል ከረምን። ልጁ የጎደሉት ስምንት ገጾች ውስጥ ነበር። ስለ ሌብነቱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

ያልጨረሱትን መጽሐፍ መተቸትም እንዲሁ ነው። መተው መብት ነው፤ መጽሐፍ ጾም አይደለም። «ገጽ 60 ላይ ተውኩት፣ ምክንያቱም» ብሎ የሚጀምር አስተያየት አከብራለሁ። ገጽ 60 ላይ ትቶ ስለ አጨራረሱ የሚያስተምረኝን ግን አልሰማም።

የዱሮ አስተያየትን እንደያዙ መኖር

በ17 ዓመቴ ያለቀስኩበትን መጽሐፍ በቅርቡ ደገምኩት። ያለቀስኩበትን ገጽ ፈልጌ አጣሁት። መጽሐፉ ያው ነው። እና አስተያየት ስትሰጡ መቼ እንዳነበባችሁትም ተናገሩ፤ «ድሮ ተማሪ ሳለሁ ነው» ማለት ብዙ ነገር ይገልጣል።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ልብ ወለድ አለኝ። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጧል፣ ጠርዙ ላይ ሻይ ፈሶበታል። መሃሉ ላይ፣ አባትየው ልጁን ከቤት የሚያባርርበት ገጽ ጥግ፣ በእርሳስ «ጨካኝ! አልተሳሳተም ወይ?» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ፦ «እኔም አባት ስሆን ነው የገባኝ።» ከዚያ በታች ደግሞ፣ እንደ መጀመሪያው በሚመስል እጅ፣ በጣም በደከመ እርሳስ፦ «እኔም።»

እርሳስ አውጥቼ ነበር። ምን እንደምጽፍ አጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።