አምባገነን ወደ ሥልጣን ሲወጣ እንዴት ይታወቃል? የ1933ቷ ጀርመን

ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ሂትለር የመጣው በመፈንቅለ መንግሥት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። እናንተም ነገሩን ለማየት መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠሩ።

ጃንዋሪ 30፣ 1933፦ ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ሂትለርን ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) አድርገው ሾሙት። ካቢኔው ውስጥ ናዚዎቹ እሱን ጨምሮ 3 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ልጓሙ በእጃችን ነው ብለው አሰቡ።

ቀጥሎ «አስቸኳይ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። ፌብሩዋሪ 27 ማታ የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ። በማግሥቱ የመናገር፣ የመሰብሰብና የጋዜጣ ነፃነት በአስቸኳይ ድንጋጌ ታገደ። አንድ ሌሊት ብቻ! እዚህ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ።

ከዚያ ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹን ተመልከቱ። ማን አለ? ማን የለም? ማርች 23 ፓርላማው ክሮል ኦፔራ ቤት ተሰበሰበ። ኮሚኒስቶቹ የሉም፤ ታስረዋል ወይም ሸሽተዋል። የናዚ ሚሊሻዎች ውስጥ ድረስ ገብተው ቆመዋል። መንግሥት ያለ ፓርላማ ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅደው አዋጅ 444 ለ94 አለፈ። እምቢ ያሉት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ብቻ ናቸው። መሪያቸው ኦቶ ቬልስ በዚያ ሁሉ መሃል ተነሥተው ተቃወሙ። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከሹመቱ እስከዚያች ቀን 52 ቀን ነው። ቀሪው ፈጣን ነው፤ በጁላይ ሌሎች ፓርቲዎች ታገዱ። በኦገስት 1934 ሂንደንቡርግ ሲሞቱ ወታደሩ ለሕገ መንግሥቱ ሳይሆን ለሂትለር፣ በስሙ ማለ።