ፈታኝ ከአዲስ አበባ ስትጠሩ

ድሬዳዋ ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ፦ ለማስተርስ ዲፌንስ (ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን ቀርቦ ለሚከላከልበት ፈተና) የውጭ ፈታኝ ከአዲስ አበባ ስትጠሩ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የአዲስ አበባ–ድሬዳዋን ባቡር መነሻ ቀናት እዩ። ቀኑ ቀድሞ ከተቆረጠ ከባቡሩ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ ወደ አውሮፕላን ትሄዳላችሁ። ሁለት ሦስት ተማሪዎችን በሁለት ባቡሮች መካከል ብታሰልፉ ግን ፈታኙ በአንዱ መጥተው በሌላው ይመለሳሉ፤ አንድ ጉዞ ለሁሉም ይበቃል።

ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ የካርቦን ልቀቱ በጣም ትንሽ ነው። አውሮፕላን ሲነሳና ከፍታ ሲይዝ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ለዚህ ነው አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲሰላ የሚብሰው።

ፈታኙ በዕድሜ የገፉ ወይም ሕመም ያለባቸው ከሆኑ ግን ያን ረጅም መንገድ አታስቀምጧቸው። በቪዲዮ ይፈትኑ።