የሳተላይትን ምህዋር በሌዘር ስንፈትሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ የሌዘር ጣቢያ፣ ማለትም ወደ ሳተላይት ሌዘር ልኮ ብርሃኑ ደርሶ ለመመለስ በፈጀው ጊዜ ርቀቱን የሚለካ ጣቢያ፣ የለም። ቢሆንም የጋሊሊዮ (የአውሮፓ) ወይም የግሎናስ (የሩሲያ) የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሳተላይቶች ምህዋር ምን ያህል በትክክል እንደተሰላ ለመፈተሽ ከዚህ ከተማ ሆኖ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሌዘር ርቀት ልኬት አገልግሎት መረጃውን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ተማሪዎቻችን ቢደፍሩት የምወደው ሥራ ስለሆነ ወጥመዶቹን ልጠቁም።

ሰዓት ማደባለቅ። የሌዘር መዝገብ የሚጻፈው በዩቲሲ (ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ሲሆን፣ የሳተላይቱ የተሰላ ቦታ የተጻፈባቸው የምህዋር ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ በጂፒኤስ ሥርዓት የራሱ ሰዓት ይዘጋጃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 መባቻ ወዲህ በሁለቱ መካከል የ18 ሰከንድ ልዩነት አለ። የጋሊሊዮ ሳተላይት በሰከንድ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ይህን የረሳ ሰው ሳተላይቱን ከቦታው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ ያስቀምጠዋል። በሌዘር በተለካውና ከምህዋሩ በተሰላው ርቀት መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ ሜትር ከወጣ ምህዋሩን ከመጠራጠራችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ።

የተሳሳተ ነጥብ መያዝ። ብርሃኑ ተመልሶ የሚመጣው ሳተላይቱ ላይ ከተገጠሙት አንጸባራቂዎች ነው፤ ትክክለኛዎቹ የምህዋር ፋይሎች ግን የሳተላይቱን የክብደት ማዕከል ይነግሩናል፤ ሳተላይቱ ራሱ የሚያሠራጨው መረጃ ደግሞ የአንቴናውን ማዕከል። ሳተላይቱ ፀሐይን ለመከተል ስለሚዞር በነጥቦቹ መካከል ላለው ርቀት የምናደርገው እርማትም አብሮ መዞር አለበት።

የአየር ግፊትን በግምት ማስገባት። በባሕር ወለል ከፍታ አየሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄደውን ሌዘር 2.4 ሜትር ገደማ የረዘመ ያስመስለዋል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ግፊቷ በአንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። እዚህ ጣቢያ ቢኖርና የባሕር ወለሉ ግፊት ቢገባለት፣ ከ40 ሴንቲሜትር የበለጠ ስህተት ይፈጠር ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ጣቢያው ራሱ የለካው ግፊት አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ከሁሉ የሚከፋው ሌዘሩ ምህዋሩን በሙሉ መረመረልኝ ብሎ ማሰብ ነው። ጋሊሊዮ ከምድር 23,222 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዚያ ሆኖ ሲታይ የጣቢያው አቅጣጫ ከምድር መሐል አቅጣጫ የሚለየው ቢበዛ በ12 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የምንለካው በአብዛኛው ከፍታውን ነው። ሳተላይቱ በጉዞው መስመር 10 ሴንቲሜትር ወደፊት ቢስት፣ በሌዘሩ ልኬት ላይ የሚታየው ቢበዛ 2 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ አናታችን ላይ ሲሆን ጭራሽ አይታይም። «ልዩነቱ 3 ሴንቲሜትር ነው፤ ምህዋሩም በ3 ሴንቲሜትር ትክክል ነው» የሚል ድምዳሜ ስለዚህ መሠረት የለውም።

ሁሉን በአንድ ቁጥር መጠቅለልም ያሳስታል። አማካዩንና ሥርጭቱን ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ ልዩነቶቹን ፀሐይ ከምህዋሩ ወለል (ምህዋሩ ካረፈበት ጠፍጣፋ ገጽ) በላይ ካላት ከፍታ ጋር በግራፍ አስቀምጡ። የፀሐይ ብርሃን ሳተላይቱን ይገፋዋል፤ ግፊቱ በስሌቱ ውስጥ በደንብ ካልተወከለ ስህተቱ ከፀሐይ ጋር እየወጣና እየወረደ ይታያል። ነጠላው ቁጥር ይህን ይደብቃል።

ያፈነገጡ ነጥቦችንም ሳታዩ አትሰርዙ። ሁሉም ከአንድ ጣቢያ ከመጡ ችግሩ ምናልባት የጣቢያው መሣሪያ ወይም የተመዘገበለት የቦታ መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) ነው። ከብዙ ጣቢያዎች መጥተው አንድ ሳተላይት ላይ ከተሰበሰቡ ግን የምትፈልጉትን የምህዋር ስህተት ልታጠፉት ነው።